አሮጊቷን እናነሳታለን

ጋሽ አየለ መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ሮማን ናት። ስልክ ደውላ «አባባ ዐረፈ» ካለችኝ በኋላ ትንሽ አለቀሰችና፣ «ስላንቺ ሁልጊዜ ያወራ ነበር። ‹ጽጌን የመሰለ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም› ይለን ነበር» አለችኝ። ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም፤ «ነፍስ ይማር» ብያለሁ መሰለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ሰዓት ቁጭ አልኩ። ማዘኔን ዐውቄዋለሁ፤ ለእሱ ይሁን ለራሴ ግን መለየት አቃተኝ። እኔም እሱን የመሰለ ሰው አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ሮማን በገባት መንገድ አይደለም።

ጋሽ አየለ ድሬዳዋ ባቡር መሥሪያ ቤት ውስጥ የንድፍ ሠራተኛ ነበር። የድልድይ፣ የሐዲድ፣ የመጋዘን ንድፍ በቀጭን ብዕር ይሥላል። እኔ ከእሱ ቢሮ ሁለት በር አለፍ ብሎ ትራፊክ ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። እሱ ሃምሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይወደድም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ እያልን ነው ያደግነው። እሱን ግን ቢያንስ «ጋሽ» ሳይሉ መጥራት ይከብድ ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይመጣል፣ ያ ሁሉ ሙቀት እኛን ሲያቀልጠን እሱን ላብ አይነካውም። «የድሬን ፀሐይ ተመዝግበን ነው እንዴ የምንካፈላት? እሱ ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆናል» ብለው ጓደኞቼ ይቀልዱበት ነበር።

እኛ ሁላችንም በባቡር የምንኖር ሰዎች ነን። አንዱ ይነዳዋል፣ አንዱ ይጠግነዋል፣ አንዱ በእሱ የመጣ የጅቡቲ ጨርቅ ይሸጣል። ባቡርን ምን አመጣልኝ ሳይል እንዲሁ የሚወድ ሰው ግን ከጋሽ አየለ በፊት አላየሁም። ፊሽካ ከሩቅ ሲሰማ እያወራ ከነበረ ያቆማል፣ ጠቋሚ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ከአዋሽ የመጣችው ናት። ጉሮሮዋን አሟታል» ይላል። ባቡር ሁሉ ለእሱ «እሷ» ነበረች።

አንድ ሐሙስ የፖለቲካ ትምህርት ላይ ተሰብስበን ካድሬው ስለ ምርት ዘመቻ ይናገራል። ፊሽካ ተሰማ። ጋሽ አየለ እንደ ልማዱ ጣቱን አነሳ። ካድሬው ጥያቄ ያለው መሰለውና «ጓድ አየለ፣ ይናገሩ» አለው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየው። ብድግ አለና «የለም ጓድ፣ አርባ ደቂቃ ዘግይታለች ለማለት ነው» አለ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ካድሬው ግን በቁም ነገር ማስታወሻው ላይ ጻፈና «የሥራ ሰዓት ማክበርን በሚመለከት ጓድ አየለ ያቀረቡት ሂስ ትክክለኛ ነው» ብሎ አስጨበጨበለት።

የተዋወቅነው በቁራጭ ወረቀት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና ጣት የሚያክሉ ብዙ ቁርጥራጮች ዘርግቶ፣ እያንዳንዳቸው ላይ አንድ መስመር በጽሕፈት መኪና እንድመታለት ለመነኝ። የባቡር ቁጥር፣ ቦታ፣ ቀን። «ምንድን ነው?» ስለው «የግል ሥራ ነው» አለኝ። በሳምንቱ ሌላ አመጣ፣ በወሩ ሌላ። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ደነገጥኩ። ፎቶ ሥር የሚለጠፍ ነበር። ቤቱ ውስጥ፣ ከንድፍ ወረቀቶቹ ሥር፣ ከድሬ እስከ ድንበር ያሉ ባቡሮችና ጣቢያዎች የተለጠፉባቸው ሦስት አልበሞች ደብቋል።

በዚያን ጊዜ ይህ ቀልድ አልነበረም። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የባቡር መስመሩ ስንት ጊዜ ፈንጂ ተቀብሮበታል። ጣቢያውንም ድልድዩንም ወታደር ይጠብቀዋል፣ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ካሜራ ያለው ሰው ቀበሌ ሄዶ እንዲያስመዘግብ ተነግሯል። ጋሽ አየለ የእሱን ወደ አገሩ ከተመለሰ ግሪክ ነጋዴ ነበር የገዛው። ለሰው ሁሉ «ሸጥኩት» ብሎ አስወርቷል። ሚስቱ እንኳ የሸጠው ይመስላት ነበር። ካሜራው መኖሩን የምናውቀው ከእሱ ሌላ ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ጋራዥ የሚሠራው የድሮው እሳት አንዳጅ አብዲ።

«እኔ ሰው አላምንም፤ አንቺን ግን አምናለሁ» አለኝ አንድ ቀን። ይህቺን ነገር ስሰማ እንዴት ልቤ እንደሞቀ አሁን ሳስበው ያናድደኛል። እሱ እኔን ማመኑን ነው የነገረኝ፤ እኔ ደግሞ እሱን የማመን ፈቃድ የተሰጠኝ መሰለኝ።

በታኅሣሥ አንድ እሁድ ይዞኝ ወጣ። ድሬ ላይ ብርድ ማለት ጠዋት ሹራብ ለብሰው አራት ሰዓት ላይ የሚያወልቁት ነገር ነው፤ እሱ ግን ቡኒ ሹራቡን ለብሶ፣ ሻርፕ ጠቅልሎ፣ ደጋ እንደሚወጣ ሰው ተዘጋጅቶ መጣ። ዘንቢል ይዟል። ከላይ ዳቦና ብርቱካን፣ ከሥር ካሜራው። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ እያልን፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደሚመለስ አባትና ልጅ እያወራን ሄድን። ከጣቢያው ፊት ለፊት አንድ የፈረሰ ግንብ አለ፤ እዚያ ተጠግተን ብርቱካን መላጥ ጀመርን። ከዚያ ቦታ የጣቢያው አሮጌ ፊት፣ ሰዓቱ፣ ፈረንሳዮቹ የጻፉት ጽሑፍ፣ ሁሉም ይታያል።

«አሁን ምንድን ነው የምንጠብቀው? ቆማለችኮ» አልኩት። ባቡሯ ከነፉርጎዋ ጣቢያው ላይ ነበረች።

«ብርሃኑ ገና ጉልበቷ ላይ ነው። ፊቷ ላይ ሲደርስ።»

ጠበቅን። ብርሃኑ ሲደርስ ሁለት ሴቶች የጫት እስር ተሸክመው በመሀል ገቡ። እኔ እንደውም ደስ አለኝ፤ ራሳቸው ላይ ያሰሩት ቀይ ጉፍታ ከቢጫው ግድግዳ ጋር ያምር ነበር። እሱ ግን ካሜራውን ከዘንቢሉ አላወጣም።

«ለምን አላነሳሃትም?»

«ሰው ያበላሸዋል።»

«እኛስ ታዲያ ምን ልንሆን ነው?»

«እኛ ከካሜራው ኋላ ነን አቦ!» አለና ሳቀ። ሲስቅ ሃያ ዓመት ይቀንስ ነበር።

ሴቶቹ አልፈው፣ ወታደሩ ወደዚያ ዞሮ፣ ጣቢያው ፊት ባዶ የሆነባት አንዲት ቅጽበት መጣች። ካሜራው ወጥቶ ሲመለስ በዓይኔ አላየሁትም ማለት እችላለሁ፤ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። ፊቱ በርቷል። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ያኔ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ ሦስተኛው ማን እንደላከው አይታወቅም። ስለ ብርሃንና ስለ ባቡር ብቻ ከሚያስብ ሰው አጠገብ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ለእኔ ዕረፍት ነበር። እሱ ያስተማረኝን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ጠዋት መስኮት ስከፍት ብርሃኑ ግድግዳው ላይ የት እንደደረሰ ሳላስበው አያለሁ።

በጥር ወር አብዲ ወሬ ይዞ መጣ። ጋራዡ ውስጥ ለዓመታት የቆመች አንዲት የእንፋሎት ባቡር ነበረች፤ ከዚያ ዓይነት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሁላችንም «አሮጊቷ» ነው የምንላት። ብረቷ ተቆራርጦ እንዲሸጥ ተወስኗል። የሚጎትታት ባቡር ስለጠፋ በራሷ እንፋሎት ድልድዩን ተሻግራ ብረት መጣያው ድረስ ትሄዳለች፤ እሁድ ጠዋት።

«ወላሂ ጽጌ፣ ስለኩሳት ታለቅሳለች መሰለኝ» አለኝ አብዲ። ኦሮምኛና ሶማልኛው አፉ ላይ ስለሚቀድሙ አማርኛ ሲናገር ቀስ ይላል፣ ያኔ ግን ተጣድፎ ነበር። «ለአየለ ነግሬዋለሁ። ‹ድልድዩ ማዶ ስትደርሺ ጭስ አብዛልኝ› አለኝ። ለባቡሯ ነው እንዴ ለእኔ ነው የሚያወራው?»

ጋሽ አየለ ያን ሳምንት ሰው አልነበረም። ምሳ አይበላም፣ የያዘውን ንድፍ ሁለት ጊዜ ቀለም ደፋበት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሳልኖር መጥቶ ወረቀት ትቶልኝ ሄደ። ወረቀት መቆጠብ ልማዱ ስለሆነ የሚጽፈው ሁልጊዜ በተጣለ ፎርም ጀርባ ላይ ነው። በእርሳስ፣ በጥድፊያ፣ እንዲህ ይላል፦

«እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ከድልድዩ ማዶ፣ ሐዲዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አሮጊቷን እናነሳታለን። ጭሱን የሚያዘጋጀው ሰው ተነግሮታል። ዕቃውን እኔ በዘንቢል ይዤ እመጣለሁ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

አንብቤ ፈገግ አልኩ፣ ፎርም ነበርና ፎርሞቹ መሀል አስቀመጥኩት። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ አልክድም። ዓርብ ጠዋት የባቡር እንቅስቃሴ ሪፖርቱን ከነካርቦን ኮፒው ለቅሜ ስልከው ያቺ ወረቀት አብራ ተጠቅልላ ሄደች። አንዱ ኮፒ የሚደርሰው ለካድሬው ነው።

ዓርብ ከምሳ በፊት ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱኝ።

መርማሪው ወጣት ነበር፤ ከእኔ ቢበልጥ ሁለት ዓመት ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ አስቀመጠና በእያንዳንዱ ቃል ሥር ጣቱን እያሳለፈ አነበበልኝ። «ከድልድዩ ማዶ» ሲል ቀና ብሎ ያየኛል። «ሐዲዱ የሚታጠፍበት» ሲል ቀና ብሎ ያየኛል። «ጭስ» የሚለውን ሁለቴ አነበበው።

«እናነሳታለን» አለ በመጨረሻ። «ከሐዲዱ ላይ ነው የምታነሷት?»

«ፎቶ ነው!» አልኩ። «ፎቶ ነው የምናነሳት። አሮጊት የምንላት ባቡሯን ነው።»

«ፎቶ የሚል ቃል የት አለ? አሳዪኝ።»

አየሁት። የለም። አራት መስመር ሙሉ አንዲት «ፎቶ» የምትል ቃል የለችም። ለእኔና ለእሱ ማንሳት ሌላ ትርጉም ስላልነበረው መጻፍ አላስፈለገውም። እኔም አርባ ጊዜ ባነበው «ፎቶ» መጉደሉን አላይም ነበር። አሁን ግን በሌላ ሰው ዓይን አነበብኩት። ፈንጂ በዘንቢል ይዞ የሚመጣ ሰርጎ ገብ ከዚህ የተሻለ ደብዳቤ አይጽፍም።

ጭሱን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተናገርኩም፤ አብዲ አምስት ልጆች አሉት። የጻፈው ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን ወዲያው ተናገርኩ። አሳልፌ የሰጠሁት መስሎ አልተሰማኝም፤ የጠራሁት እንዲያድነኝ ነው። መጥቶ «የኔ ጽሑፍ ነው፣ ፎቶ ማለቴ ነው» ይላል፣ ካሜራውን ይነጥቁታል፣ ተግሣጽ ይሰጡታል፣ ማታ እናቴ ቤት እራቴን እበላለሁ። ሌላ ነገር ሊመጣ እንደሚችል በሐሳቤ አላለፈም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አመጡት። ቡኒ ሹራቡን ለብሷል። ሳየው ከደስታዬ ብዛት ልነሳ ስል ጠባቂው ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። መርማሪው ወረቀቷን ሰጠው። መነጽሩን አወጣ፣ ጠረገ፣ አደረገ። አንዴ አነበበ። ገለበጠና የፎርሙን ፊት አየ። እንደገና ገልብጦ አነበበ።

«ፎርሙ የኛ መሥሪያ ቤት ነው» አለ። «ጽሑፉ ግን የኔ አይደለም።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ጋሽ አየለ!» አልኩ።

«ፎቶ ነው ትላለች» አለው መርማሪው። «ካሜራ አለህ?»

«ከለውጡ በፊት ነበረኝ። ሸጬዋለሁ። ሰፈሩን ጠይቁ።»

«ጋሽ አየለ፣ ፎቶ በላቸው እንጂ! አንዲት ቃል ናት እኮ!»

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ያቺን አስተያየት ለመርሳት ስንት ዓመት ታግያለሁ። ጥላቻ የለበትም፣ ፍርሃትም ያን ያህል አይታይበትም። በትዕግሥት፣ የተቸገረ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነው ያየኝ።

«ልጄ» አለኝ፣ «የምን ፎቶ?»

ለመርማሪው ደግሞ ስወጣ ሰማሁት፣ «ጥሩ ልጅ ነች፤ ሥራዋን ታውቃለች» ሲለው። የሥራ ምስክርነት ይሰጥልኝ ነበር።

የንድፍ ጽሑፉን ከወረቀቷ ጋር አስተያዩት። በንድፎቹ ላይ ፊደሉ እንደታተመ የተስተካከለ ነው፣ ማስታወሻዋ ደግሞ የችኮላ ጭረት። አይገናኙም። ጻፈው ያልኩት ሰው ካልሆነ እኔ የንጹሕ ሰው ስም አጥፍቻለሁ፣ እውነተኛውን ጸሐፊ ደብቄያለሁ ማለት ነው። ጉዳዬ ይበልጥ ከበደ።

አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ታሰርኩ። ስለ እስር ቤቱ ብዙ አልናገርም፤ ከእኔ የባሰ ያዩ ሰዎች አሉና አፍራለሁ። እናቴ በየቀኑ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ አቋርጣ ምሳ ታመጣልኝ ነበር። በድልድዩ ብትመጣ ይቀላት ነበር፣ ግን ድልድይ የሚባል ነገር አስጠላት። እኔ ደግሞ በየቀኑ ጋሽ አየለን እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ላይ «ፈርቶ ነው፣ ሲረጋጋ ይመጣል» እላለሁ። አብረውኝ ለታሰሩት ሴቶች ሁሉ «አንድ የሚያውቅልኝ ሰው አለ» እያልኩ አወራለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ስሙን ማንሳት ተውኩ። ሴቶቹም አልጠየቁኝም፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው እያንዳንዳቸው ሳይኖራቸው አይቀርም።

ያስፈታኝ ያቺን ቃል አንድ የማያውቀኝ ሰው ሲላት ነው። በግንቦት ሙቀት መርማሪው ተቀየረና አንድ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው መጣ። መዝገቤን ከፍቶ ወረቀቷን ዝም ብሎ አነበበ። ከዚያ እንደገና በድምፅ «አሮጊቷን እናነሳታለን» አለ።

«ትናንት ልጄን ለትምህርት ቤት አስነስቻት ነበር» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «ፎቶ።» ከዚያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ማልቀስ ነው የጀመርኩት። ማስረጃ ስለሌለው ንጹሕ ናት ብሎ ሊጽፍልኝ አልቻለም፤ «ለጊዜው ተለቃለች» የምትል ወረቀት ሰጥቶ ወደ ቤቴ ሰደደኝ።

በማግሥቱ አብዲ ስኳርና ሐብሐብ ይዞ መጣ። በምን እንደታሰርኩ አያውቅም፤ ከእናቴና ከጋሽ አየለ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ወረቀቷ ላይ የነበረውን ቃል በቃል ነገርኩት። ሐብሐቡን መቁረጥ አቆመ።

«ቆይ ቆይ» አለ። «አንቺ ዓርብ ነው የተያዝሽው?»

«ዓርብ ቀትር ላይ።»

«ያ ሰውዬ እኮ እሁድ መጥቷል።»

«የት?»

«ድልድዩ ማዶ ነዋ! ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት። ዘንቢሉን ይዞ። ወታደሩ ድልድዩ ሥር ሲፈትሽ እሱ ከላይ ድንጋይ ኋላ ተሸጉጦ። ጭሱን ለቀቅኩለት። ስመለስ አገኘሁትና ‹ጽጌስ የታለች?› ስለው ‹አሟት ቀርታለች› አለኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፈርቶ ነው የካደኝ ብዬ ነበር የማስበው። ፍርሃትን ይቅር ማለት ይቻላል፤ ያኔ ያልፈራ ማን ነበር? የፈራ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ካሜራ ይዞ ወታደር ያለበት ድልድይ አጠገብ አይቆምም።  አብዲ የሚለውን ሳልሰማ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሩን ራሱ ነው የከፈተልኝ። ሲያየኝ እንባው መጣ። «ተፈታሽ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ጉንጬን ሳመኝ፤ ሳልከለክለው ቀረሁ። አስቀመጠኝና ወደ ጓዳ ገባ። ውሃ ሊያመጣልኝ መስሎኝ ነበር። የመጣው ፎቶ ይዞ ነው።

አሮጊቷ ነበረች። ሐዲዱ ላይ ታጥፋ፣ ጭሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥቁር ሆዷ በጠዋት ብርሃን እርጥብ መስሎ። ቆንጆ ነበረች። ከዚያ የተሻለ የባቡር ፎቶ አላየሁም፣ ይህን መናገር እንዴት እንደሚያመኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ለምን ቃሏን አላልክም?» አልኩት።

ፎቶውን መልሼ ስዘረጋለት አልተቀበለኝም፤ ተቀመጠ። መዋሸት ይችል ነበር፣ ግን አልዋሸም።

«ዓርብ ነበር» አለ። «እሷ እሁድ ነበረች። ካሜራ አለኝ ካልኩ ያን ዕለት ይወስዱታል። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈለግሁት፣ ጽጌ። እሁድ ካለፈ ሰኞ ሄጄ ልነግራቸው ነበር።»

«እሁድ አለፈ።»

«አለፈ። ሰኞ ልብሴን ለብሼ ወጥቻለሁ፣ እመኚኝ። ግን ‹ዓርብ ለምን ዋሸህ?› ይሉኛል አልኩ። ምን እመልስላቸዋለሁ? ከዚያ ማክሰኞ ሆነ። በቆየሁ ቁጥር ከበደኝ።»

ተቆጥቼ ልጮህበት ነበር የመጣሁት። ሐዘን ቀደመኝ። አንድ ክፉ ሰው ከድቶኝ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ይኸው ሰው ግን ሁለት ቀን ለምኖ፣ ሁለቱ ቀን አራት ወር ሆኖበት፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«አንድ ነገር አድርግልኝ» አልኩት። የአስተዳደሩ ሹም፣ ወረቀቷን የጻፈው ሰው ካልታወቀ ወደ ሥራዬ እንደማይመልሰኝ ያን ዕለት ጠዋት ነግሮኝ ነበር። «አዲሱ መርማሪ ሁሉ ነገር ገብቶት ስቆበታል። ከእንግዲህ ቢበዛ ካሜራውን ነው የሚወስዱት። ሰኞ ሹሙ ዘንድ አብረን እንግባና ‹የኔ ጽሑፍ ነው› በል። ሌላ ምንም አልፈልግም። እናቴን የማበላው በዚያ ሥራ ነው።»

«ሰኞ» አለ። እጄን ይዞ ሳመው፤ ትልቅ ሰው እጄን ሲስመኝ አፈርኩ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት። በሩ ላይ ጠብቂኝ። በልጄ በሮማን እምልልሻለሁ።»

ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዋናው በር ላይ ነበርኩ። ሠራተኛው ሁሉ እየሳመኝ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» እያለኝ ገባ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ተኩል። ፀሐዩ በረታና ወደ ዘበኛው ጥላ ተጠጋሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው አዘነልኝ መሰለኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ማንን ነው የምትጠብቂው አንቺ?»

«ጋሽ አየለን።»

«አየለን? አየለ ገብቷልኮ አቦ። ዛሬ በጋራዡ በር ነው የገባው። ምን አግኝቶት እንደሆን እንጃ፣ በዚያ በር ሲገባ አይቼው አላውቅም።»

«እስኪ ትንሽ ልጠብቀው» አልኩ፤ አፌ ዝም ብሎ ነው የተናገረው። ዘበኛው ቁልቁል አየኝ። ዓይኑ ልብሴ ላይ ነበር። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሰማያዊው ቀሚሴ ነው፤ ማታ አጥቤ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ በከሰል ካውያ የተኮስኩት። የሥራ ቀሚሴን ለብሼ ነበር የመጣሁት።